ደንበኛው ያልወደደው ወንበር

እናት ስልኩን ዘግታ ተነሳች። በተደረደሩት ለቀስተኞች ጉልበት መሃል ማንንም ይቅርታ ሳትጠይቅ አለፈችና ወደ ግቢው በር ሄደች። በሩን ከፍቶ የያዘው አንድ ድብልብል ድንጋይ ነበር፤ የመጣ ሁሉ ሳያንኳኳ እንዲገባ ከቀብር ሲመለሱ ራሷ ናት ያስደገፈችው። በጫማዋ አፍንጫ ገፋችው፤ እምቢ አላት። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አንከባለለችውና አጥሩ ሥር ጣለችው። የቆርቆሮው በር ነፋስ ገፍቶት በራሱ ጊዜ ተዘጋ። ድምፁ ሲያስተጋባ ቤት ውስጥ ብርጭቆ የያዘ ሁሉ ቀና አለ።

"ከእንግዲህ የሚመጣ ያንኳኳ" አለች። "ማን እንደሆነ ጠይቄ ነው የምከፍተው።"

ማንን ለማለት እንደፈለገች ያልገባው አልነበረም። የደወለው ወንድ ልጇ ነው። አባቱ ቀብር ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ አልቅሶ፣ ዕለቱኑ ቡድኑ ወዳለበት ካምፕ የተመለሰው። ነገ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። በአንድ በኩል ሟች ዕድሜውን ሙሉ የደገፈው ቡድን አለ፤ በሌላ በኩል ልጁ አጥቂ ሆኖ የሚጫወትለት የወንዝ ማዶ ቡድን። የሟች ቡድን አቻ ከወጣ ሊጉ ውስጥ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ይወርዳል። የማዶ አሠልጣኝ ሐዘንተኛ ስለሆንክ መቅረት ትችላለህ ብሎት ነበር። ልጁ ግን እጫወታለሁ አለ። እናቱ የመለሰችለትን ቤቱ ሙሉ ሰው ሰምቷል።

"የአባትህ አፈር ሳይደርቅ ኳስ ልታባርር? እንግዲያው ሜዳውን ከረገጥክ ደጄን አትረግጣትም።"

ሴት ልጇ የሻይ ትሪ እንደያዘች የጓዳው በር ላይ ቆማ ቀረች።

ጥግ ይዘው የተቀመጡት የአባቷ የስታዲየም ጓደኞች ነበሩ። ሲገቡ አንገታቸው ላይ የነበረውን ስካርፍ ለክብር ብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተውታል፤ የአንዱ ጫፍ ግን እንደ ምላስ ወጥቶ ይታያል። ከመሃላቸው ከበሮ መቺው አለ፤ ደጋፊውን በከበሮ የሚመራ፣ ከአባቷ ጎን ቆሞ ያረጀ ሰው። ጣቱ ለቅሶ ቤትም ማረፍ አቅቶት ጉልበቱን ይደበድባል።

"አበጀች" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልጅ ቢሆን እግሬን አመመኝ ይል ነበር። እግሬን ካለ ማን ገብቶ ያያል?"

አጠገቡ ያለው ነገ ቢያገባብን አባቱን ሁለቴ ቀበረው ማለት ነው አለ። የእናቷ ታላቅ ወንድም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንም ባይሾማቸውም የሐዘኑ ሥርዓት አስከባሪ እሳቸው ነበሩ፤ ለቅሶ ቤት የኳስ ወሬ አይወራም አሉ። ወሬው ቆመ። የከበሮ መቺው ጣት ግን አልቆመም።

እናቷ ኳስን ስለጠላች፣ ሰዎቹ ኳስን ስለወደዱ፤ በሩ ግን የተዘጋው በአንድ ሰው ላይ ነው። ልጅቱ ትሪውን አስቀምጣ በጓሮ በኩል ወደ አባቷ የሥራ ክፍል ወጣች።

ወንበር ሠሪ ነበር። ለቀስተኛው ከተቀመጠባቸው ወንበሮች ግማሹ የእጁ ሥራ ናቸው። የወደቀው እዚሁ ነው፤ ሦስት እግር ብቻ የተተከለለት ወንበር አጠገብ፣ አራተኛውን እንደያዘ። ወለሉ ላይ ያለውን የእንጨት ብናኝ እስካሁን የጠረገው የለም። በሩን ዘግታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

ድምፁ ደርቋል። ቢቀር ፈርቶ ነው፣ ቢጫወት ጨክኖ ነው እንደሚሉት፣ ከሁለቱ ስድብ አንዱን መምረጥ ብቻ እንደቀረው ነገራት።

"አባዬ አንድ ቀን" አለ፣ "አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላየኝም። ነገም እዚያ አይኖርም። ታዲያ ምን ተለወጠ ብዬ ልቅር?"

ልጅቱ አፏን ከፈተች። ግድግዳው ላይ፣ ትልቁ ሚስማር ላይ ቀይ መቀመጫ ያለው ወንበር ተሰቅሏል። አየችውና አፏን መልሳ ዘጋች። ለአባቷ ቃል ሰጥታለች፤ ቃል የተሰጠው ሰው ደግሞ ሞቷል፤ ከቃሌ ፍታኝ ተብሎ እንኳ አይጠየቅም።

"ምሳህን ሳትበላ ሜዳ እንዳትገባ" አለችው።

*

አባቷ "ቡድን እንደ ጥርስ ነው፤ ቢያምህም አፍህ ውስጥ ነው፣ የት ትጥለዋለህ?" ይል ነበር። በተሸነፉ ቁጥር ስካርፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይገባና ሚስቱን ይህን ነገር አቃጥይልኝ ይላታል። በተጋቡ ሰሞን እውነቱን መስሏት ክብሪት አምጥታ ነበር። ባሏ መሮጥ እንደሚችል ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ቡድኑ ልጅቱ ከተወለደች ወዲህ ዋንጫ የሚባል ነገር አንስቶ አያውቅም። ጥሩ ተጫዋች ሲያፈራ ይሸጣል፤ የሸጠው መጥቶ ያገባበታል። ኮሚቴው አሠልጣኝ እንደ ካልሲ ይቀያይራል፣ የሚሸተው ግን እግሩ ነው ይል ነበር አባቷ። ይህን ለማለት የተፈቀደለት ግን እሱና ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። ሌላ ሰው ስለ ቡድኑ ክፉ ቢናገር፣ የጀመረውን ወንበር ትቶ፣ መዶሻውን እንደያዘ ሊከራከር ይወጣል።

ስታዲየም የሚያውቁት በጀርባው ነው። ተቃራኒ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያገኝ አባቷ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል፤ ጠላቴ ሲመታኝ ፊቱን አያለሁ ይላል። የራሱ ቡድን ሲያገኝ ግን ዞሮ ለሜዳው ጀርባውን ይሰጣል። "የሚወዱት ነገር ላይ ዓይን ይከብዳል" ይል ነበር። "እኔ ልጁን ከማስጨንቀው ይቅርብኝ።" ታዲያ ኳሷ መግባቷን በምን ያውቃል? ልጅቱን ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ያቆማታል፤ ፊቷ ከፊቱ እኩል ይሆናል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ኳሷን ሲያይ እሱ የልጅቱን ፊት ያያል። መናገር ክልክል ነው። ከተናገረች እንዳየው ይቆጠራል። በዚህ የተነሳ ስሟን ትቶ "ዓይኔ" እያለ ይጠራት ነበር።

ወንድሟ ያደገው በዚያው ቡድን ውስጥ ነው። በግራ እግሩ ኳስ ሲመታ ትልልቆቹ ልምምዳቸውን አቁመው ያዩት ነበር። ለዋናው ቡድን ደረሰ ሲባል ኮሚቴው ቁመቱ አጭር ነው ብሎ አሰናበተው። አባቷ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ዘበኛው ራሱ ደጋፊ ስለነበር እያባበለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ አስወጣው። ወንድሟ ከዚያ በኋላ ብዙ ወር አባቱ ዘንድ ወንበር በአሸዋ ወረቀት ሲያሽ ከረመ። አይናገርም፤ ያሻል።

ማዶዎች ያገኙት እንዲህ ሆኖ ነው። ከሁሉም ቡድን ማዶ! ወሬው ስታዲየም ሲደርስ የደጋፊው ሁሉ ዓይን ወደ አባቷ ዞረ። አባቷ ደረጃው ላይ ቆመ፤ ከበሮ መቺው እንኳ ከበሮውን አቆመ።

"ለማዶ ሲጫወት ባየው" አለ፣ "ዓይኔ ይፍሰስ።"

ሰው አጨበጨበለት። ልጅቱ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ፊቱን አይታዋለች፤ ጭብጨባው የሚገባው ፊት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሲገናኙ ከኳስ በቀር ሁሉንም ያወሩ ነበር። በተለይ ስለ ዝናብ ብዙ አወሩ።

*

በማግስቱ ጠዋት እናት የልጇን ልብስ ከቁም ሳጥን እያወጣች ቦርሳ ውስጥ ትከት ነበር። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ ኮሌታቸውን ታቀናለች። ልጅቱን ያስፈራት ይሄ ነው። የተቆጣ ሰው ይጎሰጉሳል፤ የሚያጥፈው የቆረጠ ሰው ነው።

"ወስደሽ ለካምፑ ዘበኛ ስጪልኝ" አለች ዚፑን እየዘጋች። "መጥቼ ልውሰድ እንዳይል።"

ልጅቱ ቦርሳውን ተቀበለች። እስከ ክፍሉ በር ይዛው ሄደች። እዚያ ስትደርስ እጇ ከበዳት፤ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ ያ ቀይ መቀመጫ ያለው ወንበር ትዝ ይልሻል?"

"ያ ጨቅጫቃ ደንበኛ የሚመልሰው?"

እንዴት ትዝ አይላት። አባቷ በየሁለት ሦስት እሁዱ ያንን ወንበር ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ልጅቱን አስከትሎ፣ ለደንበኛ ላድርስ ብሎ ይወጣ ነበር። ማታ ወንበሩን ተሸክሞ ይመለሳል። ደንበኛው አልወደደውም ይላል። አንድ ቀን እግሩ ተነቃነቀ፣ ሌላ ቀን መደገፊያው ጎረበጠ፣ ሌላ ቀን ቀዩ በዛ። እናት ያንን የማታውቀውን ሰው ስንት ጊዜ ረግማዋለች። አድራሻውን ስጠኝና እኔ ራሴ ሄጄ ላነጋግረው ብላም ነበር።

"ደንበኛ አልነበረም" አለች ልጅቱ።

እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ የነገረቻት ቆማ ነው፤ ከተቀመጠች የማትጨርሰው መሰላት።

ወንበሩ የሚሄደው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ማዶዎች ሜዳ ነበር። የማዶ ሜዳ በአንድ በኩል ደረጃ የለውም፤ ሰው ሜዳ ለሜዳ ቆሞ ነው የሚያየው። አባቷ ማንም የማያውቀው ጥግ ፈልጎ ወንበሩን ያስቀምጥና እሷን ላዩ ላይ ያቆማታል። ከዚያ ይዞራል። ለቅጣት ምት ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ፉጨት እስከ መጨረሻው ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፊቷን ሲያይ ይውላል። ልጅቱ አንድ ጊዜ መሐላህስ ብትለው "ልጄን ባየው ብያለሁ እንጂ ያንቺን ፊት አላይም አላልኩም" አላት። በር ላይ ትኬት ቆራጩ ለወንበሩም ይከፍላሉ እንዴ እያለ ይቀልድበት ነበር። አጠገቡ የሚቆሙት ማዶዎች ደግሞ አባባ፣ ሜዳው በዚህ በኩል ነው ይሉታል። እሱም አንገቴን አሞኛል፣ አይዞርልኝም ብሎ ይመልሳል። ስንት ጨዋታ ሄደ፣ አንዱንም አላየ። ለማንም እንዳትናገር፣ ለወንድሟም ቢሆን፣ ቃል አስገብቷታል። የማለው በሰው ፊት ነዋ።

እናት አንድ ነገር ጠየቀች።

"ሲያገባስ? ሲያገባ ምን ይል ነበር?"

"ምንም። ፊቴን ያይና መሐረቡን አውጥቶ ይናፈጣል። ጉንፋን ያዘኝ ይላል።"

እናት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ልጅቱ መለየት አልቻለችም።

"ስንት ዝንጅብል አፈላሁለት" አለች።

ስለ ቦርሳው አላነሳችም። ቦርሳው በሩ ሥር እንደተቀመጠ ዋለ።

*

ጨዋታው ሲጀመር እነ ከበሮ መቺው ጥግ ላይ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተደፍተው ነበር። አጎትየው ሁለቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የሰማቸው የለም። ሦስተኛውን ሊጠርጉ ሲሉ እናት ከጓዳ ወጣችና ቴሌቪዥኑን ከመኝታ ቤት አውጡት አለች።

"እህቴ፣ ሰው ምን ይላል?" አሉ አጎትየው።

"ሰውማ ይኸው በስልክ እያየ አይደል? ዓይኑን ከሚያጠፋ እዚህ ይይ። ድምፁን ግን ዝጉት።"

ቴሌቪዥኑ እስኪሰካ እሷ በጓሮ በኩል ወጣች። ስትመለስ ቀዩን ወንበር ይዛ ነበር። ወንዶቹ መሃል አስቀመጠችውና ተቀመጠች። ልጅቱ ቴሌቪዥኑን በግንባር በሚያሳየው የጓዳ በር ላይ ቆመች።

ድምፅ የሌለው ኳስ ያስጨንቃል። ተጫዋቾቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ዳኛው ጉንጩን ይነፋል፣ ምንም አይሰማም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የወንበር መንቋቋትና የአጎትየው ትንፋሽ ነው። ምንም ለምንም እየተባለ ዕረፍት ወጡ፤ ምንም ለምንም ተመለሱ። ምንም ለምንም ለሟች ቡድን ትልቅ ነገር ነው። ይህንን ተከላካይ ማን ገዛው ብሎ አንዱ ሹክ ሲል፣ ከበሮ መቺው ኮሚቴው ነዋ፣ ዋጋው ሲረክስ ጠብቆ አለ። ማንም አልሳቀም። ልጁ ስክሪኑ ላይ በታየ ቁጥር ወንዶቹ ወደ እናት ሰረቅ አድርገው ያያሉ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ፊት ለፊት ታያለች።

ሊያልቅ ሲል ያ በርካሽ የተገዛው ተከላካይ ኳስ በእጁ ነካ።

ዳኛው ነጩን ነጥብ አሳየ፤ ፍጹም ቅጣት ምት። የከበሮ መቺው ጣት፣ ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ አጠር ያለ ልጅ ኳሷን ብብቱ ሥር ይዞ ብቅ አለ።

"እሱ ነው የሚመታው" አለ አንዱ፣ ስለ በሽተኛ እንደሚያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናት ብድግ አለች። የምትወጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን ቀዩን ወንበር ያዘችና አዞረችው። ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊቱን ወደ ጓዳው በር። ተቀመጠች። ዓይኗን የልጅቱ ፊት ላይ አደረገች።

"እህቴ፣ ኳሱ እኮ በዚህ በኩል ነው" አለ ነገሩ ያልገባው።

"አንገቴን አሞኛል።"

ከበሮ መቺው ከስክሪኑ ተነቅሎ እናትን አያት። ያንን አዟዟር ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሟች ጎን ቆሞ አይቶታል። ያ ጀርባ ለጠላት ዞሮ አያውቅም። ከእናት ወደ ወንበሩ አየ፤ የወንበሩ እግሮች ላይ የደረቀውን፣ በዚህ ሰፈር የማይገኘውን የወንዝ ዳር ቀይ ጭቃ አየ።

ልጅቱ ከእናቷ ራስ በላይ አሻግራ ታያለች። ወንድሟ ኳሷን አስቀመጠ። ወደ ኋላ ሄደ። ማዶ ወንበሩ ላይ ስትቆም አባቷ እንዳትወድቅ ቁርጭምጭሚቷን ይይዝላት ነበር። ፊቷን ልትደብቅ አልሞከረችም፤ መደበቅ ለምዳ አታውቅም። እናቷ ዓይኗን አታርገበግብም። ወንድሟ ተንደረደረ።

ፊቷ ምን እንዳለ እሷ አላየችውም። እናቷ ግን አየች።

ማንም አልጮኸም። ከበሮ መቺው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ስክሪኑ ላይ ወንድሟ አልሮጠም፤ ማሊያውን አፉ ላይ ይዞ በእርምጃ ወደ መሃል ሜዳ ይመለስ ነበር። እናት መሐረብ ከደረቷ አውጥታ ተናፈጠች።

"ጉንፋን ያዘኝ" አለች።

ጥቂት ተጫውተው አለቀ። ወረድን አለ አንዱ፣ ከቤቱ ሁለተኛ ሬሳ እንደወጣ ሁሉ። ስካርፉ ከኪሱ የወጣበት ሰው ጫፉን አስገባው፤ ቆይቶ ግን አወጣውና አንገቱ ላይ ጠመጠመው። አጎትየው ሊገሥጹ ብለው ተዉት። ከበሮ መቺው ድምፁ ተሰባብሯል።

"ግራ ጥግ ላይ… በረኛው የማይደርስባት ቦታ" አለ። "ቁመቱ አጭር ነው አሉ እኮ። ያቺን ምት የተማራት እኛ ሜዳ ላይ ነው። እኛ ነን ያስተማርነው።" ይህንን ሲል ተናዶ ነበር። ኩራቱም ያኑ ያህል ነበር።

"ደውይለት" አለች እናት ልጇን። "ስለ ደንበኛው ንገሪው። ማታ ራቱን እዚህ ነው የሚበላው።"

ልጅቱ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ደወለች። ሁሉንም ነገረችው፤ ትኬት ቆራጩን፣ አንገቱን፣ ዝንጅብሉን። ከወንድሟ ኋላ የጓደኞቹ ጭፈራና የገላ መታጠቢያ ውሃ ድምፅ ይሰማል።

"የትኛው ወንበር?" አለ።

"ቀይ መቀመጫ ያለው።"

"እሱን እኮ በአሸዋ ወረቀት ያሸሁት እኔ ነኝ" አለ።

ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ ግቢ ውስጥ ነበረች። የቆርቆሮውን በር ከፍታ ትይዛለች፤ ነፋሱ መልሶ ይገፋባታል። ትከፍታለች፣ ይገፋባታል። ከበሮ መቺው ከቤት ወጣ። አጥሩ ሥር ጎንበስ አለና ድንጋዩን አንከባልሎ አመጣው። አስደገፈው። በሩን በመዳፉ ገፋ አድርጎ ሞከረው፤ አልነቃነቅ ሲለው እጁን አራግፎ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

እናት ቀዩን ወንበር አምጥታ በተከፈተው በር መሃል አስቀመጠችው። ሰው የሚጠብቅ ወደ መንገዱ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። እሷ ግን ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች፤ እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን የቤቱ ደረጃ ላይ የቆመችው የልጇ ፊት ላይ አድርጋ።

ልጅቱ አንድ ደረጃ ከፍ አለችና ከእናቷ ትከሻ በላይ መንገዱን ማየት ጀመረች።